ካሳ መጠየቅ ደም መሸጥ አይደለም
(ለእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና አባላት የቀረበ ዲስኩር)



ስለ ሞት በሕግ ቋንቋ መናገር ያስቸግራል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የራሱን ሰው ያልቀበረ የለም። አንዳንዶቻችሁ የተነጠቃችሁት በሕመም ወይም በዕድሜ ሳይሆን በሌላ ሰው ጥፋት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ እንዲህ ያለው ሞት ነው፤ መኪና ስለገጨው፣ ከግንባታ ላይ ስለወደቀው፣ በሕክምና ጉድለት ስላለፈው፣ አውሮፕላን ውስጥ ስለቀረው ሰው። እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ የቀሩት ቤተሰቦች በሕግ ካሳ የመጠየቅ መብት አላቸው። ብዙዎቹ ግን አይጠይቁም። ለምን እንደማይጠይቁ በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። «የልጄን ደም አልሸጥም» ይላሉ።

ይህን የሚል ሰው ክብር ይገባዋል። የሞተበት ሰው በገንዘብ እንደማይተካ እየነገረን ነውና። ይሁን እንጂ ሕጉም ከእሱ ጋር አይጣላም፤ ለሟች ነፍስ ዋጋ አይተምንም። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለእነማን ምን ያደርግ ነበር? የቤት ኪራይ ይከፍል ነበር። ልጆቹን ያስተምር ነበር። ገጠር ላሉ እናቱ ለዓመት በዓል ይልክ ነበር። እሱ ሲቀበር ይህ ሁሉ ጎደለ። የቤት ኪራዩ ግን በወሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ልጆቹም ጠዋት ተነስተው ቁርስ ይፈልጋሉ። ያጠፋው ሰው ይህን ጉድለት ካልሸፈነ ሌላ ሰው መሸፈኑ አይቀርም። የምትሸፍነው ልብስ አጥባ የምታድር መበለት ናት፤ ወይም ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ታክሲ ላይ ረዳት የሚሆነው የበኩር ልጇ ነው። ካሳ አልጠየቅንም ስንል ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ በእነሱ ትከሻ ላይ አረፈ ማለት ነው።

ሕግም ቢሆን እዚህ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እንግሊዞች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1808 አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር በፈረስ በሚሳብ የሕዝብ ሠረገላ ሲሄድ ሠረገላው ተገለበጠ፤ ሚስቱ ክፉኛ ተጎድታ ከአንድ ወር በኋላ አረፈች። ባልየው ቢከስስ ዳኛው የፈረዱለት እሷ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ላለው ጉዳት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ላለው፣ የሰው ሞት በፍትሐ ብሔር ክስ የሚጠየቅበት ጉዳት አይደለም አሉት። ስለዚህ የሰው እግር የሰበረ ሲከፍል፣ የገደለ ግን ለሟች ቤተሰብ ሳይከፍል ይቀር ነበር። ይህ የተለወጠው የባቡር ሐዲድ በየቦታው ተዘርግቶ አደጋው በበዛበት ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓርላማው የሟች ሚስት፣ ባል፣ ወላጅና ልጅ ካሳ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ይህን የማነሣው ዛሬ እንደ ቀላል ነገር የምናልፈው መብት ተጠይቆ የተገኘ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

እኛ ዘንድ መብቱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥር 2095 ሰው በአደጋ ሲሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ተወላጆቹ በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል። «በራሳቸው ስም» የሚለውን ልብ በሉ። ይህ ገንዘብ የሟች ውርስ አይደለም፤ የተጎዱት የቀሩት ስለሆኑ የእነሱ ነው። አያት ወደ ላይ፣ የልጅ ልጅ ወደ ታች ይቆጠራሉ። እህትና ወንድም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ይህ በእኛ አገር የቤተሰብ አኗኗር ከባድ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ታናናሾቿን ያሳደገች ታላቅ እህት ስትሞት ታናናሾቿ ምን ይሁኑ? አባቷ ሲሞት በእናቷ ማኅፀን የነበረች ልጅ ግን መብት አላት። ሕጉ የተፀነሰን ልጅ ለጥቅሙ ሲሆን እንደተወለደ ይቆጥረዋል፤ በሕይወት መወለድና ለመኖር የሚችል መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላት ሚስትም አትፍራ፤ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በሰው ምስክር ማስረዳት ትችላለች።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚወድቅበት ቦታ ልምጣ። እሱም ጊዜ ነው።

በዚያው ሕግ ቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ፣ የሰጠው ከሆነ የረዘመው ይጸናል፤ እናንተ ግን በዚህኛው ተስፋ አታድርጉ፤ 2 ዓመቱን እንደ ግድግዳ ቁጠሩት። እስቲ ይህን ከሐዘን ሥርዓታችን ጋር አስተያዩት። ሦስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው አለ። አርባ እስኪወጣ ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር ነው። ከአርባ በኋላ ለቅሶ ያልደረሰ የሩቅ ዘመድ ይመጣል። ከዚያ የሙት ዓመት ድግስ ይታሰባል። የሙት ዓመቱ ሲያልፍ ቤተሰቡ ትንሽ ተንፍሶ «እስቲ ሰው እናማክር» ይላል። ያን ጊዜ ከሕጉ ዘመን ግማሹ አልቋል። በዚህ መሐል ትራፊክ ፖሊሱ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ አደጋውን ያየው የጀበና ቡና ሻጭ ከሰፈሩ ለቋል፤ መኪናው ተሽጧል። በ2 ዓመት ከ3 ወር ፋይል ይዞ ለሚመጣ ሰው ዳኛው ቢያዝንለትም፣ ተከሳሹ ይርጋ አልፏል ካለ ክሱ ይዘጋል። እንዲህ ተዘግቶበት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ፊት ማየት ከባድ ነው። ሐዘናችሁን አሳጥሩ እያልኩ አይደለም። ሐዘንተኛው በሚያለቅስበት ጊዜ ሌላ ሰው ወረቀቱን ይያዝለት ነው የምለው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው መውደቂያ እርቅ ነው። የመኪና አደጋ ሲደርስ የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ይህ ያማረ ባህል ነው፤ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ቤት ገብተው ይቆማሉ፤ ሹፌሩ ታስሯል፣ እሱም ልጆች አሉት፣ ሆን ብሎ አላደረገውም ይላሉ። የሟች አባት ይቅር ይላል። ለቀብርና ለድንኳን ይሁን ተብሎ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል መስመር ይገባል፤ አባት በእንባ መሐል ይፈርማል። ሕጋችን እርቅን በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያየዋል። የልብ ይቅርታ በአንዲት ፊርማ የልጅ ልጆቹን ቀለብ ይዛ ሄደች ማለት ነው። ይቅር በሉ። ሹፌሩ በዋስ ይፈታ፣ ቅጣቱም ይቅለልለት ብላችሁ ፈርሙ። ነገር ግን «የካሳ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይገባ አትፈርሙ። የሟች ልጆች አካለ መጠን ያልደረሱ ከሆኑ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳያየው ድርሻቸውን አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ሽማግሌ የሆናችሁም ይህን መስመር አስገቡላቸው፤ ሽምግልናው አይጎድልበትም።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሟች ቤተሰቦች ወረቀት ቀረበላቸው፦ 1.3 ቢሊዮን ሩፒያ ትቀበላላችሁ፣ በምላሹ አየር መንገዱንም አውሮፕላን ሠሪውን ቦይንግንም አትከስሱም የሚል። ያ ገንዘብ በዶላር ሲመነዘር 91,000 ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 1.25 ቢሊዮኑ የአገሩ ሕግ ቀድሞውንም ለቤተሰቡ የሰጠው መብት ነበር። የፈረሙ አሉ። አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ ገና ሳይታወቅ ፈረሙ።

ከ5 ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ የእኛው አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃው ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። ከ35 አገሮች የመጡ 157 ሰዎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም። በሳምንቱ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለአሥራ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ሰንደቅ ዓላማ የለበሱ ሣጥኖች ሲቀበሩ ውስጣቸው አስከሬን እንዳልነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያን ዕለት ብዙ ሰው ጣቱን በአብራሪዎቻችን ላይ ሊቀስር ቸኩሎ ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች ማክስ 8 የሚባለው አንድ ዓይነት ነበሩ። ምርመራው ያሳየው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ከአንድ መለኪያ ብቻ በሚመጣ የተሳሳተ መረጃ መሥራቱን ነው።

ቤተሰቦቹ ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቦይንግን ከሰሱ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኩባንያው ለአደጋው ተጠያቂ መሆኑን ተቀብሎ ፈረመ፤ አየር መንገዱና አብራሪዎቹ ጥፋተኛ እንዳልሆኑም በዚያው ተጻፈ። በምላሹ ቤተሰቦቹ የቅጣት ካሳ የሚባለውን ጥያቄ ተዉ። ስምምነቱ ለእኛ ሰዎች ሌላም ትልቅ ነገር ነበረው፤ የኢትዮጵያዊውም የኬንያዊውም የካሳ መጠን እዚያው ቺካጎ ባለችበት በኢሊኖይ ግዛት ሕግ እንዲታይ ተስማሙ። ይህ ባይሆን ኩባንያው የእያንዳንዱ ጉዳይ በየሟቹ አገር ይታይ ብሎ መከራከር ይችል ነበር። አብዛኞቹ ጉዳዮች መጠኑ ሳይገለጥ በስምምነት አለቁ። በዳኞች ጉባኤ ፊት እስከ ውሳኔ የደረሰው የመጀመሪያው ጉዳይ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሲፈረድ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወሰነ። ከዚያ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ በፊት ቦይንግ ላይ በቴክሳስ ቀርቦ የነበረው የወንጀል ክስ በመንግሥት ጥያቄ ተዘግቶ ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያነሣሁት በምክንያት ነው። እዚህም «ዐቃቤ ሕግ ከሷል፣ ፍርዱን እንጠብቅ» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ወንጀሉ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሹፌሩ ቢታሰር ለልጆቹ ዳቦ አይሆንም። ካሳው የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አይሰጣችሁም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ ነገሩ አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ነጻ በተባለበት የወንጀል ውሳኔ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ሹፌሩ ነጻ ወጣ ብላችሁ ፋይላችሁን አጥፋችሁ ወደ ቤት አትግቡ።

ደግሞስ ለምን ሹፌሩን ብቻ ታያላችሁ? «ሹፌሩ ድሃ ነው፣ ከእሱ ምን አገኛለሁ» የሚለው ንግግር ስንት ቤት አራቁቷል! ቁጥር 2081 የመኪናው ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው እንዲያሽከረክር ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለንብረቱ መኪናው በአደጋው ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ይድናል። አደጋው ሙሉ በሙሉ በሟቹ ጥፋት ብቻ ከደረሰም እንደዚሁ። ከዚህ ውጪ እኔ አላጠፋሁም፣ ብሬኩ ድንገት ነው የተበላሸው ማለት ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ሰሌዳውን ጻፉ፤ የሰሌዳው ባለቤት ማን እንደሆነ ከመንገድ ትራንስፖርት አስጠይቁ።

ከባለንብረቱ ጀርባ መድን ሰጪው አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዟል፤ ሲወጣም ለሞት የሚከፈለውን ከ5,000 ብር እንዳያንስ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ ወስኖ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። መድን ድርጅቱ ቼክ ሲሰጠው ካሳው ተከፍሎ ያለቀ ይመስለዋል። ያ የመጀመሪያው ክፍያ ነው፤ የቀረው ጉዳት ከባለንብረቱ ይጠየቃል። የ32 ዓመት አባወራ ጉድለት መድን በሚከፍለው ብቻ እንደማይሞላ ለማወቅ ደግሞ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም ለዚህ ሲባል የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ገጪው አልተያዘም ብሎ ቤት የተቀመጠ ቤተሰብ ፈንዱን ይጠይቅ።

ማስረጃው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሣው ፕላን ኮፒ፣ የምስክሮች ስምና ስልክ፣ የሆስፒታሉ ካርድ፣ ከወሳኝ ኩነት የሚወጣው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሟች የደመወዝ ማስረጃ፣ ይህ ሁሉ በእጃችሁ ይሁን። ከሁሉም የሚከብደው የአስከሬን ምርመራ ነው። «ሬሳው አይቆረጥም» የሚል ቤተሰብ አያለሁ፤ ስሜቱ ይገባኛል። በእኛ ልማድ ሰው በሞተ በማግሥቱ አፈር ይለብሳል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ከዚያም ይፈጥናሉ። ነገር ግን በተለይ በሕክምና ጉድለት ሞተ በምትሉት ሰው ላይ የምርመራ ውጤት ከሌለ ክሱ የሚቆምበት መሬት የለውም። ሐኪሙ በሽታው ነው የገደለው ይላል፤ እናንተም የምትመልሱት አይኖራችሁም። ፖሊስ ሲጠይቃችሁ፣ ምርመራው በሚደረግበት ሆስፒታል ግቢ ቆማችሁ ቄሱን ወይም ሼኹን አማክሩ። የሃይማኖት አባቶችም በዚያች ሰዓት ሕዝባችሁን ምከሩልን ብዬ እለምናለሁ።

በሥራ ላይ ለሞተ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለጥገኞች የተለየ ክፍያ ስለሚሰጥ መጀመሪያ አሠሪውን ጠይቁ፤ የግንባታ ድርጅቱ ሰውየው የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል የለውም ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አብረውት የሠሩ ሰዎች ምስክርነት አለላችሁ።

ስንት ይጠየቃል? ፍርድ ቤት የሚያየው ሟች ያገኝ የነበረውን ገቢ፣ ለራሱ ያወጣው የነበረውን ቀንሶ ለቤተሰቡ የተረፈውን፣ ከዚያም ስንት ዓመት ሊሠራ ይችል እንደነበር ነው። ሕጉ ክፍያው በቀለብ መልክ ይሁን ይላል፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ተጠቃሎ ይወሰናል። ደመወዝተኛ ከሆነ ማስረጃው ቀላል ነው። ጉልት ቸርቻሪ፣ ገበሬ፣ ሊስትሮ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ከሆነች ግን ቤተሰቡ «ወረቀት የለንም» ብሎ ይተዋል። መተው የለበትም። ቁጥር 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል። እንጀራ የምትረከባት ሱቅ ባለቤት ትመስክር፤ የእቁብ ደብተሯ ይቅረብ። ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤት ሞትም ጉዳት ነው፤ እሷ በነጻ ትሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ሌላ ሰው ቢሠራው ስንት እንደሚከፈል ለዳኛው ንገሩት።

አሁን ልቤን ወደሚያቃጥለው ነገር ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሐዘኑ ለራሱ፣ የሕሊና ጉዳት ለሚባለው፣ ለቤተሰቡ ካሳ ይፈቅዳል። መጠኑ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ልጅ ጫማ አይበቃም። ገንዘቡ በየዓመቱ ሲረክስ የሕጉ ቁጥር ባለበት ቆሟል። የአንድ ልጇን ሬሳ ከአስፋልት ላይ ያነሣች እናት ችሎት ፊት ቆማ «ለሐዘንሽ 1,000 ብር» ሲባልላት መስማት ለእሷም ለፈራጁም ውርደት ነው። ደሙን ሸጠ የሚለው ወሬም ከዚህ ይመነጫል፤ ዋጋው እንዲህ ሲረክስ ሰው መጠየቁን ይንቃል። የኢሊኖይ ግዛት እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ በሞት ካሳ ውስጥ ለሐዘን አይከፍልም ነበር፤ በዚያ ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ሐዘንን፣ የልብ ስብራትን ጨመረ። የበረራ 302 ቤተሰቦች ሐዘናቸውን በችሎት እንዲናገሩና ሐዘናቸው እንዲቆጠር ያደረገው ያ ማሻሻያ ነው። አንድ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ያደረገውን የእኛ ምክር ቤት የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ጠበቆችም እውነቱን ልናገር፤ ሙያዬ ነውና ዝም ብል ያሳፍረኛል። ትልቅ አደጋ ሲደርስ ለቅሶ ቤት ድረስ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ያን ዕለት አትፈርሙለት። ጠበቃችሁ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ፤ ክፍያው ከሚገኘው ገንዘብ ስንት በመቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ውክልና ስትሰጡም ገንዘብ ተቀብሎ የመፈረም ሥልጣን ሳታስቡበት አትጨምሩ። የላየን ኤር ሟቾችን አንዳንድ ቤተሰቦች የወከለው በካሊፎርኒያ እጅግ ስመ ጥር የነበረ ጠበቃ ቶማስ ጂራርዲ ነው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የቺካጎው ዳኛ ለመበለቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች መድረስ የነበረበት ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የት እንደገባ ጠይቀውት መልስ ሲያጡ ችሎት በመድፈር ወሰኑበት። በኋላም የሌሎች ደንበኞቹን ገንዘብ በመዝረፍ በሎስ አንጀለስ ጥፋተኛ ተብሏል። ዝና ዋስ አይሆንም። ለጠበቃ የሚከፈል የሌለው ደግሞ በደሃ ደንብ ያለ ዳኝነት ክፍያ ክስ መመሥረት እንደሚችል ይወቅ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ዘመዶቻችሁ ውጭ አገር ላሉም አንድ ቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችሁ በመኪና አደጋ ቢሞት፣ አደጋው ቨርጂኒያ ከሆነ ክሱ በ2 ዓመት፣ ሜሪላንድ ከሆነ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አስከሬኑን አገር ለማስገባት ገንዘብ ስናዋጣ ይህን የሚያስታውስ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። አገር ውስጥ ያሉት ሚስትና ልጆች ሰነዳቸውን አረጋግጠው እንዲልኩ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለሚደርስ ሞትም የሞንትሪያል ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ አጽድቃዋለች፤ አጓጓዡ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ጥፋቱ ሳይረጋገጥ ይከፍላል፤ የክሱ ዘመን እዚያም 2 ዓመት ነው።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፤ ሐዘንተኛው ሲያለቅስ ወረቀቱን የሚይዝለት ሰው እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ የምትደርሱት እናንተ፣ ድንኳን የምትተክሉት እናንተ፣ ሽማግሌ ሲመጣም ጎን የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየእድራችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ ይህን ኃላፊነት ስጡት። ሰው በአደጋ ሲሞት በሦስተኛው ቀን የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የፖሊስ ጣቢያውን፣ የምስክሮቹን ስልክ በእድሩ መዝገብ ያስፍር። የ2 ዓመቱ ይርጋ የሚያልቅበትን ቀን በመዝገቡ ላይ በቀይ ይጻፍ። እርቅ ሲወርድ ወረቀቱን ያንብብ። አርባው እንደወጣ ቤተሰቡን ይዞ ሕግ አዋቂ ዘንድ ይሂድ። ሁለተኛው ልመናዬ፣ እድሮቻችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቤቱታ ጻፉ፦ የቁጥር 2116 የ1,000 ብር ገደብ ይነሣ፤ ታናናሾቿን ያሳደገች እህት በቁጥር 2095 ትታሰብ። የአቤቱታውን ረቂቅ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንብባችሁ የምታምኑበት ከሆነ ፈርሙበት።